የተማሪ ፋይል፤ ማን ይጽፈዋል? ማንስ ያነበዋል?

ስለ ተማሪ መብት ሲነሣ አፋችን የሚቀናው ስለ መናገርና ስለ መሰብሰብ፣ ከዚያም ዝቅ ሲል ስለ ምግብና ስለ መኝታ ማውራት ነው። ስለ ፋይላችን ግን ሲወራ እምብዛም አንሰማም። ፋይል ደግሞ ምኑ ይወራል? ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጧል፤ ስንመረቅ ትራንስክሪፕት ይወጣበታል፤ አለቀ። እንዲህ ነው የሚመስለን። ነገር ግን ጉዳዩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው፣ ይህ ዝም ያለ ወረቀት እኛ የማንገባበት ቢሮ ሁሉ እንደሚገባ፣ እኛ በሌለንበት ስለ እኛ እንደሚመሰክር፣ አንዳንዴም በሕይወታችን ላይ እንደሚፈርድ እንረዳለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንተርከው የአሜሪካን ተማሪዎችን ታሪክ ነው። የሰው አገር ታሪክ ለምን መረጣችሁ የሚለን ቢኖር መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥያቄው በአደባባይ ተነሥቶ፣ ተማሪ ታግሎበት፣ ሕግ ወጥቶለት፣ ሕጉም በፍርድ ቤት ተፈትኖ የታየው እዚያ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ የምንተዳደርበት የክሬዲት አወር፣ ከኤ እስከ ኤፍ ያለው ማርክ፣ ጂፒኤውና ትራንስክሪፕቱ ወደ እኛ የመጣው በአብዛኛው ከዚያው አገር ነው። ዕቃውን ከተዋስን የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ደግ ነው። (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፋይል ሲጀመር በክፋት አልተጀመረም። መጀመሪያ የትምህርት ቤት መዝገብ ማለት ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበትና የቀረበት ቀን፣ ማርክ፣ ይኸው ነበር። በ1920ዎቹ ዓመታት ግን በአሜሪካን አገር የሥነ ልቦና ፈተናና የተማሪዎች ምክር አገልግሎት እየተስፋፋ ሲመጣ፣ አስተማሪ ልጁን በማርኩ ብቻ ሳይሆን በሁለንተናው ማወቅ አለበት የሚል አስተሳሰብ ተነሣ። አስተሳሰቡ የቀና ነበር። ስለዚህም ልጁን ከክፍል ክፍል እየተከተለ የሚሄድ፣ በየዓመቱም እየወፈረ የሚመጣ መዝገብ ተፈጠረ። የአእምሮ ፈተና ውጤት ይገባበታል፤ የጤና ሁኔታ ይገባበታል፤ የቤተሰቡ ኑሮ ይገባበታል፤ አስተማሪው ስለ ልጁ ጠባይ የመሰለውም ይገባበታል። አንድ አስተማሪ ራሱን ሲያመው በዋለበት ቀን «ይህ ልጅ አስቸጋሪ ነው» ብሎ አንዲት መሥመር ቢጽፍ፣ እሱ ራሱ ከረሳት ከዓሥር ዓመት በኋላ ያቺ መሥመር ልጁን ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ መጻፉ ብቻ አይደለም። የተጻፈበት ሰው የማያነበው፣ ሌላው ግን የሚያነበው መሆኑ ነው ዋናው ችግር። በብዙ ትምህርት ቤቶች ወላጅ የልጄን ፋይል ልይ ሲል «ምስጢር ነው» ይባላል፤ ፖሊስ ወይም አሠሪ ሲመጣ ግን ምስጢሩ ይከፈታል። በ1961 በኒውዮርክ ስቴት አንድ አባት ይህን ነገር ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። ትምህርት ቤቱ ልጅህ የሥነ ልቦና ሕክምና ያስፈልገዋል አለው፤ እሱም እንግዲያው መዝገቡን አሳዩኝ ቢል እምቢ አሉት። ፍርድ ቤቱ ወላጅ የልጁን መዝገብ የማየት መብት አለው ሲል ፈረደለት። ይሁን እንጂ ድሉ የአንድ አባት ድል ነበረ፤ ለአገሩ ሁሉ ሕግ አልሆነም።

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ጉዳዩ የጋለው በቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው። የኮሌጅ ተማሪ ትምህርቱን እስኪጨርስ ለውትድርና እንዳይጠራ ይፈቀድለት ነበር። ጦርነቱ ሰው በፈለገ ጊዜ ግን፣ በ1966፣ የምልመላው መሥሪያ ቤት መሥፈርት አወጣ። ተማሪው ወይ አገር አቀፍ ፈተና ወስዶ የተወሰነውን ነጥብ ማምጣት፣ ወይም ከክፍሉ ወንዶች መካከል የተወሰነ ደረጃ ላይ መገኘት ነበረበት። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከላይኛው ግማሽ፣ የሁለተኛ ዓመት ከላይኛው ሁለት ሦስተኛ፣ የሦስተኛ ዓመት ከላይኛው ሦስት አራተኛ ውስጥ መሆን አለበት ተባለ። ደረጃውን አስልቶ የሚያወጣው ማነው? ሬጅስትራር ነዋ!

እስቲ ነገሩን እናስበው። ማርክ ማለት አስተማሪና ተማሪ ስለ ትምህርቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው እንበል። ያ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ተለወጠና የጦር ሠራዊት መልማይ የሚያነበው ቋንቋ ሆነ። ደረጃ ደግሞ የንጽጽር ነገር ስለ ሆነ፣ የአንዱ ወደ ላይ መውጣት የሌላውን ወደ ታች መውረድ ይጠይቃል። ጓደኛሞች አብረው አጥንተው ተፈትነው አንዱ ቢ አንዱ ሲ ቢያገኙ፣ ባለ ሲው ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። ዝቅተኛ ማርክ ለመስጠት እጃቸው የተንቀጠቀጠ አስተማሪዎችም ነበሩ። ስለዚህ በሜይ ወር 1966 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአስተዳደሩን ሕንፃ ገብተው ተቀመጡበት። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ደረጃችንን አስልቶ ለምልመላው አይስጥ የሚል። በሌሎች ኮሌጆችም ተመሳሳይ ተቃውሞ ተነሣ። በ1967 የወጣው የምልመላ ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በደረጃ መለየቱን አስቀረው።

በዚያው በ1966፣ በኦገስት ወር፣ ሌላ ነገር መጣ። የአሜሪካን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፀረ አሜሪካዊ ድርጊቶችን የሚመረምር ኮሚቴ ነበረው። ይህ ኮሚቴ ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጥሪያ ትእዛዝ ልኮ ጦርነቱን በሚቃወሙ የተማሪ ማኅበራት የተመዘገቡትን ሰዎች ስም ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲውም ሰጠ። እነዚያ ስሞች እዚያ የተገኙት ማንም ለክፋት ስለ ጻፋቸው አልነበረም። ማኅበራቱ አዳራሽ ለመጠቀምና ስብሰባ ለመጥራት መመዝገብ ስለ ነበረባቸው ነው። ለአዳራሽ ፈቃድ የተሰጠ ስም ለምርመራ ዋለ። ከዚህ በኋላ የአሜሪካን የትምህርት ምክር ቤት፣ ኮሌጆች የእንዲህ ዓይነት ማኅበራትን አባላት ስም ዝርዝር መያዝ ቢያቆሙ ይሻላል ሲል መከረ። ትልቅ ትምህርት ነው፤ ያልተያዘ ዝርዝር ማንም መጥቶ አይወስደውም።

በ1967 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር፣ ብሔራዊው የተማሪዎች ማኅበርና ሌሎችም ድርጅቶች ተሰብስበው ስለ ተማሪዎች መብትና ነፃነት የጋራ መግለጫ አወጡ። በመግለጫው ስለ ፋይል የተባለው ለኛም የሚጠቅም ነው። የትምህርት መዝገብና የዲስፕሊን መዝገብ ተለያይተው ይቀመጡ፤ ትራንስክሪፕት ላይ ከትምህርት ሁኔታ በቀር ሌላ አይጻፍ፤ የተማሪን የፖለቲካ እምነትና እንቅስቃሴ የሚያሳይ መዝገብ ከነጭራሹ አይያዝ የሚል ነበር። መግለጫ ግን መግለጫ ነው። ማርች 8 ቀን 1971 ማታ በፔንሲልቬኒያ ስቴት ሚዲያ በምትባል ከተማ ሰዎች የኤፍ.ቢ.አይ.ን ቢሮ ሰብረው ገብተው ሰነዶቹን ወሰዱና ለጋዜጦች ላኩ። ሰነዶቹ ሲነበቡ ምን ተገኘ? የደኅንነቱ መሥሪያ ቤት በአጠገቡ ባለው በስዋርዝሞር ኮሌጅ ውስጥ ወሬ የሚያቀብሉት ሰዎች ነበሩት፤ ከነሱም መካከል የግቢው ጥበቃ፣ የስልክ ኦፕሬተርና የሬጅስትራር ቢሮ ሠራተኛ ይገኙበታል። ፋይል ቁልፍ አለው ሲባል ቁልፉን የያዘው ሰው መሆኑን መርሳት የለብንም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ወደ ሕግ ተቃረበ። ረስል ሴጅ የተባለው ድርጅት በ1969 ምሁራንን ሰብስቦ አወያይቶ በ1970 ስለ ተማሪ መዝገብ አያያዝ መመሪያ አሳተመ። መረጃ ሲሰበሰብ ስምምነት ይጠየቅ፤ ጊዜው ያለፈበት ይጥፋ፤ ባለቤቱ ይየው የሚል ነበር። በ1973ና በ1974 ደግሞ መጽሔቶች ስለ ምስጢራዊው የትምህርት ቤት ፋይል ጻፉ። ጉዳዩን በኮንግሬስ ያነሣው የኒውዮርኩ ሴኔተር ጄምስ በክሊ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ በክሊ የተማሪ ንቅናቄ ወዳጅ ሳይሆን የታወቀ ወግ አጥባቂ ነበር። እሱን ያሳሰበው መንግሥት በቤተሰብና በልጅ መካከል መግባቱ ነው፤ ተማሪዎቹን ያሳሰባቸው ስለላው ነው። ሁለቱም ወገን በየራሱ መንገድ መጥቶ አንድ የፋይል ሣጥን ፊት ተገናኘ። ጊዜውም የዋተርጌት ጊዜ ነበር፤ ሕዝቡ ምስጢራዊ ፋይል የሚባል ነገር አንገፍግፎታል። የበክሊ ማሻሻያ በአንድ ትልቅ የትምህርት ሕግ ላይ ተለጥፎ አለፈ፤ ፕሬዚዳንት ፎርድም ኒክሰንን በተኩ በ12ኛው ቀን፣ ኦገስት 21 ቀን 1974 (በኛ ነሐሴ 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) ፈረሙበት። ሥራ ላይ የዋለው ኖቬምበር 19 ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ከፌዴራል መንግሥት የትምህርት ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት ሁሉ፣ መዝገቡን ለወላጅ ያሳያል፤ ልጁ 18 ዓመት ከሞላው ወይም ኮሌጅ ከገባ መብቱ ወደ ራሱ ወደ ተማሪው ይዞራል። ጥያቄ ከቀረበ ከ45 ቀን በላይ ማቆየት አይቻልም። የተጻፈው ስሕተት ወይም አሳሳች ነው ያለ ተማሪ እንዲታረም ይጠይቃል፤ እምቢ ከተባለ የሚሰማበት ጉባኤ ይደረግለታል፤ እዚያም ካልተሳካለት የራሱን ቃል ጽፎ ከፋይሉ ጋር ያያይዛል፤ ፋይሉ በሄደበት ቃሉም አብሮ ይሄዳል። ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ያለ ተማሪው የጽሑፍ ፈቃድ መዝገቡ ለውጭ ሰው አይሰጥም።

የዚህን ሕግ ቁም ነገር በኛ አገር ነገር እናስረዳ። በቀድሞው ሥርዓት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ነበረ። ሌባው የጠፋ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ይሰበሰባል፤ «ወፍ» የሚባል ጠቋሚ ደግሞ ማን እንደ ሆነ ሳይገለጽ ወሬውን ያቀብላል። በአደባባይ ሙግት ግን ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዋስ ጠርተው፣ ምስክር ቆጥረው ይከራከራሉ። የተዘጋ ፋይል ወፍ ነው። ማን እንዳወራ ሳይታወቅ ስምህን ይዞ ይበርራል። የ1974ቱ ሕግ ያደረገው ነገር ወፉን ወደ ሙግቱ አደባባይ ማውረድ ነው። ስለ ሰው የተጻፈውን ሰውዬው ሲሰማው ምስክርነት ይሆናል፤ ካልሰማው ግን ማኅተም ያለው ሐሜት ነው።

ይህን ካልን በኋላ ግን ሕጉን እያመሰገንን ብቻ ብናልፍ ታሪኩን እናጎድለዋለን። ገና ሥራ ላይ ሳይውል ዩኒቨርሲቲዎቹ ጮኹ። በምስጢር ይቆያል ብለን የጻፍነውን የድጋፍ ደብዳቤ ተማሪ ሊያነበው ነው ወይ አሉ። ጩኸታቸው ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም፤ ለጸሐፊው የተሰጠ ቃልም ቃል ነውና። ስለዚህ ዲሴምበር 31 ቀን 1974 ሕጉ ተሻሻለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1975 በፊት በምስጢር የገቡ የድጋፍ ደብዳቤዎች ዝግ ሆነው ይቆዩ፤ ለወደፊቱም ተማሪው ከፈለገ የማየት መብቱን በፊርማው ይተው ተባለ። የወላጆችን የገቢ መረጃም ተማሪው እንዳያይ ተደረገ፤ ገመና ያለው ለተማሪ ብቻ አይደለምና። ማርክን በሚመለከት ደግሞ ድንበር ተሠመረ። ተማሪው ማርኬ በትክክል አልተመዘገበም ብሎ መከራከር ይችላል፤ አስተማሪው ቢ ሲገባኝ ሲ ሰጠኝ ብሎ ግን በዚህ ሕግ መከራከር አይችልም። ይህ ድንበር ትክክል ይመስለናል። ፋይል ማየት ማለት ማርክ መለመን ማለት አይደለም።

ከባዱ ጉድለት የታየው ከ28 ዓመት በኋላ ነው። በዋሺንግተን ስቴት በጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ አንድ ወጣት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሊሆን አሰበ። ለዚህም ዩኒቨርሲቲው ስለ መልካም ጠባዩ ማረጋገጫ መስጠት ነበረበት። አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሌላ ተማሪ ስለዚህ ልጅ ከባድ የወሲብ ጥፋት ሲያወራ በጎን ሰማችና ጉዳዩን ለስቴቱ የመምህራን ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት በስሙ ነገረች። ለልጁ ግን የነገረው አልነበረም፤ የተባለበትን የሰማው ማረጋገጫው በተከለከለ ጊዜ ነው። ከሰሰ፤ ዳኞቹም በልዩ ልዩ ምክንያት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረዱለት፤ ከዚህ ውስጥ 450,000 ዶላሩ የ1974ቱን ሕግ በመጣስ ነበር። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2002 ይህን ክፍል ሻረው። ሕጉ መንግሥት ገንዘብ እንዲከለክል ያዛል እንጂ ለግለሰብ ተማሪ የመክሰስ መብት አይሰጥም አለ። ገንዘብ የመከልከሉ ቅጣት ደግሞ በአንድም ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲወርድ አልታየም። እንግዲህ መብቱ አለ፤ መብቱ ሲጣስ ግን ተማሪው አቤት የሚለው ለዚያው ለመንግሥት ቢሮ ነው።

በሩም በየጊዜው እየሰፋ ሄዷል። በ1996 የወጣ ሕግ የጦር ሠራዊት መልማዮች የተማሪዎችን ስምና አድራሻ እንዲያገኙ አደረገ፤ የ1966ቱ ተቃውሞ 30 ዓመቱን በያዘበት ዓመት መሆኑ ነው። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብር ሕግ የፍትሕ ባለ ሥልጣኑ ተማሪው ሳያውቅ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መዝገቡን እንዲወስድ ፈቀደ። የውጭ አገር ተማሪ ከሆነ ደግሞ ጥበቃው ይሳሳል፤ ትምህርት ቤቱ ስለ ተማሪው ምዝገባና አድራሻ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እዚያ ለሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። አንድ ኮርስ ጥለው የክሬዲት አወራቸው ከሚፈለገው በታች ቢወርድ፣ ጉዳዩ ከሬጅስትራር አልፎ ወደ ቪዛቸው ይሄዳል። በኤፕሪል ወር 2025 የአሜሪካን የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን የውጭ ተማሪዎቹን የዲስፕሊን መዝገብ ጭምር አምጣ አለው፤ በቂ መልስ አልሰጠኸኝም ብሎም በሜይ 22 የውጭ ተማሪ የመቀበል ፈቃዱን ሰረዘ። ዩኒቨርሲቲው በማግሥቱ ከሰሰ፤ ዳኛዋም ያን ዕለት ስረዛውን አገደች። ከ1966ቱ ሚሺጋን ጋር ብናስተያየው፣ ጥያቄው ያው የተማሪ ስም ነው፤ የተለወጠው የተጠየቀው ዩኒቨርሲቲ መልስ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅን መብት አውጇል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስሕተቱን የማስታረም መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ አዋጅ ስለ ባንክና ስለ ስልክ ኩባንያ ብቻ የወጣ የሚመስለው አለ፤ ሬጅስትራር ቢሮም ውስጥ እኮ ያለው የሰው መረጃ ነው። ልማዳችን ግን ገና አልደረሰበትም። ውጤት በግድግዳ ላይ ከነስምና ከነመታወቂያ ቁጥሩ ሲለጠፍ አይተናል፤ ዛሬ ደግሞ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይዞራል። ማን ኤፍ እንዳገኘ፣ ማን ዲስሚስ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ ሳያየው ጎረቤቱ ይነግረዋል። «ምን አለበት፣ ሁላችንም ተማሪ አይደለን?» የሚል ይኖራል። አለበት እንጂ! አንዳንዱ ልጅ ውጤቱን ለቤተሰቡ የሚነግርበትን ቃልና ቀን መምረጥ ይፈልጋል። ያን ቀን መቀማት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። ፋይል የሚጎዳው ክፉ ሰው ሲጽፈው ብቻ አይደለም፤ ለበጎ የተጻፈው ለሌላ ሥራ ሲውል፣ ባለቤቱም ሳያየው ሲቀር ነው። ሕግ በሩን ይከፍታል፤ ገብቶ የሚያነብ ተማሪ ከሌለ ግን የተከፈተውም በር እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። ስለዚህ ጥያቄያችንን አናብዛ። ስለ እኛ የተጻፈው ምንድን ነው? ያየው ማነው? እስከ መቼስ ይቀመጣል? እነዚህን ሦስቱን ለየዲፓርትመንታችንና ለየሬጅስትራራችን በትሕትና ግን በጽሑፍ እናቅርብ፤ የሚሰጠንንም መልስ በጽሑፍ እንቀበል። ይህን መጠየቅ ማመፅ አይደለም፤ ስለ ራሳችን የተጻፈውን ማንበብ ነው።